አዝማሪውን የሚጠራው ማን ነው?

ጥር ሲገባ ከጎንደር ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አልፎ ደባርቅ በሚደርሰው መንገድ ግራና ቀኝ ድግስ የሌለበት ቀበሌ ማግኘት ይከብዳል። ዳሱን የጣለ፣ ጠላውን የጠመቀ፣ ሰንጋውን የገዛ አባወራ አዝማሪ ሲፈልግ ግን የሚሄድበት ቢሮ የለውም። ጎረቤቱን ይጠይቃል፤ ጎረቤቱ አምና ልጁን የዳረ አማቹን ያስታውሳል፤ ከአማቹ የአንድ መሰንቆ መቺ ስልክ ይገኛል። መሰንቆ መቺው በዚያ ቀን ሌላ ሥራ ከያዘ የአጎቱን ልጅ ይልካል። ቀብድ ይላካል፣ ነገሩ አለቀ። ውል የለም፤ ምስክርም የለም።

ይህን ሰንሰለት በአንድ ጠረጴዛ የሚጨርስ ድርጅት በሌላው ዓለም ከመቶ ዓመት በላይ ሠርቷል። ዊልያም ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1898 ኒውዮርክ ላይ ቢሮ ከፍቶ ተጫዋቾችን ከትያትር ቤቶች ጋር ማዋዋል ጀመረ። በሙያው የሰፈነው ልማድ ተጫዋቹ ካገኘው ላይ ከመቶ ዐሥሩ ለወኪሉ እንዲሆን ነው፤ ተጫዋቹ ባዶ እጁን ከቀረ ወኪሉም ባዶ እጁን ይቀራል። ጁልስ ስታይን በ1924 ቺካጎ ላይ ያቋቋመው ኤም.ሲ.ኤ. ደግሞ ባንዶችን ለዳንስ ቤት ከማከራየት ተነስቶ የሆሊውድን ታላላቅ ስሞች በእጁ አስገባ። መዘዙ የመጣው ኤም.ሲ.ኤ. ራሱ የቴሌቪዥን ፊልም መሥራት ሲጀምር ነው። የሚወክለው ተዋናይ ደመወዙ እንዲጨመርለት መከራከር አለበት፤ ደመወዙን የሚከፍለው ደግሞ ያው ኤም.ሲ.ኤ. ነው። በ1952 የተዋንያኑ ማኅበር ለዚህ ልዩ ፈቃድ ሰጠው። ያኔ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሮናልድ ሬገን ነበር። ዐሥር ዓመት ቆይቶ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር አንዱን እንዲመርጥ አስገደደው፤ ኤም.ሲ.ኤ. ፊልሙን ይዞ ወኪልነቱን ጣለ።

የእኛን ሀገር የመዝናኛ ታሪክ በዚህ መነጽር ሳየው አንድ ነገር ደጋግሞ ይመጣብኛል። አገናኝ አጥተን አናውቅም። መኳንንቱ፣ ቤተ መንግሥቱ፣ ጦሩ፣ ሙዚቃ ቤቱ፣ ሆቴሉ፣ ካሴት አሳታሚው፣ አሁን ደግሞ የዩቲዩብ ቻናል ባለቤቱ በየተራ አገናኝ ሆነዋል። ሁሉም ግን አዳራሹን ወይም ሸክላውን ወይም ደመወዙን የያዙ ናቸው። የሙያተኛው ሰው ብቻ የሆነ፣ ሌላ የሚሸጠው ነገር የሌለው ወኪል በዚህ ታሪክ ውስጥ እምብዛም አይታይም። ለዚህ አባባሌ ትንሽ የሚያስቸግረኝ አንድ ሰው አለ፤ እደርስበታለሁ።

ከጥንቱ እንጀምር። የጎንደር አዝማሪ በዘር የሚወረስ ሙያ ባለቤት ነው። አባት ለልጅ፣ አጎት ለወንድሙ ልጅ መሰንቆ ያስተምራል፤ ጋብቻውም በአብዛኛው እርስ በርስ ነው። ማኅበረሰቡ ዘፈኑን እየወደደ ዘፋኙን ዝቅ አድርጎ ማየቱ የታወቀ ነው፤ ይህ መገለል ራሱ ዝምድናውን የሥራ ድርጅት አድርጎታል። ማን የት ቀበሌ እንደሚጫወት፣ የትኛው ደጋሽ እጁ እንደሚፈታ፣ የትኛው ጠጅ ቤት እንደሚያስጨንቅ የሚታወቀው በዘመድ ወሬ ነው። አዝማሪዎች እርስ በርስ የሚግባቡበት ከባለድግሱ የተሰወረ የሙያ ቋንቋም አላቸው። ጃፓናዊው አጥኚ ኢትሱሺ ካዋሴ ጎንደር ውስጥ ከአዝማሪዎች ጋር ለዓመታት ውሎ በጽሑፍና በፊልም ካስቀረው ነገር አንዱ ይህ ነው። አንድ ወኪል ቢኖር ኖሮ በሩን ዘግቶ የሚያወራውን እነሱ ድግሱ መሃል፣ ደንበኛው ፊት ያወሩታል። ብልሃቱ ያስደንቀኛል።

መኳንንቱ ቤት የሚኖረው አዝማሪ ሌላ ዓይነት ነበር። ጌታው ይመግበዋል፣ ያለብሰዋል፣ ዘመቻ ሲሄድ ይዞት ይሄዳል፤ አዝማሪውም ያወድሰዋል፣ አልፎ አልፎም ሰምና ወርቅ አድርጎ ይወጋዋል። መድረኩም፣ ደሞዙም፣ ተመልካቹም የአንድ ሰው ናቸው። ሌላ ቦታ ልጫወት ማለት ጌታ መክዳት ነው። ይህ ዝምድና ስሙን እየለወጠ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ዘልቋል ብዬ ነው የማምነው።

መንገደኛው አዝማሪ ግን የየትኛውም ጌታ አልነበረም፤ ስለዚህም አስፈሪ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ጣሊያኖች ካሳደዷቸውና ከገደሏቸው ሰዎች መካከል ጠንቋዮች፣ ትንቢት ተናጋሪዎችና ዘዋሪ አዝማሪዎች ይገኙበታል። ከገበያ ገበያ የሚሄድ መሰንቆ ወሬም ይዞ እንደሚሄድ ገብቷቸዋል። የደጋው የአዝማሪ መስመር ምን ያህል የተደራጀ እንደነበር ለማወቅ ከዚህ የበለጠ ምስክር ማቅረብ ይከብዳል፤ ጠላት የሚያሳድደው የሚሠራን መረብ ነውና።

ድምፅ በሸክላ መቀረጽ ሲመጣ በር የከፈተው የቤተ መንግሥት ሰው ነው። ምኒልክ ወደ ጀርመን የላኩት ተሰማ እሸቴ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት በርሊን ላይ ድምፁን በሸክላ አስቀረጸ፤ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሸክላ ድምፅ ይባላል። ወደዚያ ያደረሰው ወኪል የንጉሡ መልእክት ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ደግሞ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያዩዋቸውን አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ወጣቶች ከፓትርያርኩ ጋር ተዋውለው አዲስ አበባ አመጧቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ሙዚቀኛን ከሌላ ሀገር በውል አስመጥቶ ማሠራት እንግዲህ ከሆቴሎቹም ከክለቦቹም በፊት የቤተ መንግሥት ሥራ ነበር።

በ1927 ዓ.ም. መኮንን ሀብተ ወልድ ሀገር ፍቅር ማኅበርን ሲያቋቁሙ ዓላማው ሊመጣ ያለውን ወራሪ ሕዝቡ እንዲጋፈጥ መቀስቀስ ነበር። ከነጻነት በኋላ ማኅበሩ ከየክፍለ ሀገሩ መሰንቆ፣ ክራርና እስክስታ እየሰበሰበ በወር ደመወዝ ቀጠረ። አንድ የጎንደር አዝማሪ አዲስ አበባ ሄዶ ደሞዝተኛ ለመሆን የሚያስችለው በር ሲከፈት ያ የመጀመሪያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጠ። ኤም.ሲ.ኤ. በሕግ የተከለከለው ነገር እኛ ሀገር በሕግ የተፈቀደው በዚህ ነው፤ ቀጣሪው፣ የመድረኩ ባለቤትና የሸክላው ባለመብት አንድ ሆኑ። ክፋት ነበር ለማለት አይደለም። ያለዚያ ማኅበር የብዙ ክፍለ ሀገር ዜማ ከቀዬው ባልወጣ ነበር።

ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ጦር ሠራዊት፣ በኋላም በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትር የየራሳቸውን ኦርኬስትራ አቋቁመው ሙያተኛ ይሻሙ ጀመር። ጥላሁን ገሠሠ ከሀገር ፍቅር ወደ ክቡር ዘበኛ ተሻገረ። ዘፋኙ ወታደር ስለሆነ ሌላ ቦታ በክፍያ መጫወት ደንብ መጣስ ነው፤ ደመወዙ ግን አያወላዳም። ስለዚህ ማታ ማታ ዩኒፎርሙን አውልቆ ክለብ መሄድ ተለመደ። መሐሙድ አሕመድ አሪዞና ክለብ ውስጥ በልዩ ልዩ ሥራ ተቀጥሮ ሳለ፣ የክቡር ዘበኛ ዘፋኞች በቀሩበት አንድ ምሽት መድረክ ላይ ወጥቶ ዘፈነ፤ ቆይቶም እሱ ራሱ ክቡር ዘበኛ ገባ። ሌላ ሀገር ይህ የአንድ ወኪል ዐይን ይፈልግ ነበር፤ እዚህ የባልደረባ መቅረት በቃ። የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ግርግር ክቡር ዘበኛን ሲያናውጠው ዘፋኞቹም አብረው ታሰሩ። አለቃህ ወኪልህ ከሆነ የአለቃህ ፖለቲካም ያንተ ይሆናል።

ጎንደር በዚያ ዘመን ሌላ ዓይነት አደራጅም ነበራት። «ጎንደሬ በጋሻው» የተሰኘው የአርበኝነት መጽሐፍ ደራሲ ገሪማ ታፈረ ተውኔት እየጻፈ፣ የራሱን ቡድን እያሰባሰበ በየገጠሩ ያሳይ ነበር። ልጁ ኃይሌ ገሪማ በዚሁ ቡድን ውስጥ ተጫውቶ አደገ፤ በኋላ አሜሪካ ገብቶ ፊልም ሠሪ ሆነ። የደራሲ፣ የአደራጅና የአስተዋዋቂ ሥራ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ የነበረበት የዚህ ዓይነት ቡድን ታሪክ በወጉ አለመጻፉ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደሚያስቸግረኝ ሰው ልምጣ። አምሃ እሸቴ አዲስ አበባ ውስጥ ሙዚቃ ቤት ከፍቶ ሸክላ የሚሸጥ ወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 የሀገር ፍቅርን ብቸኛ መብት የሚያውቀው ሆኖ ሳለ አምሃ ሬከርድስን አቋቁሞ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን በሸክላ አሳተመ። አዋጁን የሚያስከብር አልመጣበትም። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላና ወደ ዐሥራ ሁለት የሚጠጋ ትልቅ ሸክላ አወጣ። ማተሚያ ሀገር ውስጥ ስላልነበረ ሥራው ውጭ እየታተመ ይመጣ ነበር።

አምሃን ወኪል የሚያሰኘው ከማሳተም አልፎ የሄደበት ነው። ለዘፋኙ ባንድና አቀናባሪ ይፈልጋል፤ ዘፈኑን የሚመርጠው ከዘፋኙ ጋር ነው፤ ፎቶውን ሸክላው ላይ ያወጣል፤ ሙዚቃ ቤቱ በር ላይ ድምፁን ለቆ መንገደኛ ያቆማል። ከወር ደመወዝና ከማዕረግ ውጭ ሌላ መኖሪያ እንዳለ ለሙያተኛው ያሳየ ሰው ነው። ያም ሆኖ አምሃም ሸክላ ሻጭ ነበር። ትርፉ ከሸክላው እንጂ ከዘፋኙ ገቢ ከመቶ ዐሥር አይደለም። ተመራማሪዎች ስለ ድፍረቱ ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ ውሎቹ ዝርዝር የጻፉት ጥቂት ነው። እኔ ግን ከፊት ከነበሩትም ከኋላ ከመጡትም ይልቅ ለዘፋኙ የቀረበ እሱን ነው የማየው። አሊ አብደላ ካይፋ፣ ብዙዎች አሊ ታንጎ የሚሉት፣ በካይፋ ሬከርድስ መንገዱን ተከትሏል፤ የመሐሙድን «ኧረ መላ መላ» አልበም ያወጣው እሱ ነው።

አምሃ እ.ኤ.አ. በ1975 ሀገር ለቆ አሜሪካ ገባ። ደርግ ሰዓት እላፊ አወጀ፤ የማታው ገበያ ሞተ። በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ተቋቋመ፤ ጎንደር ፋሲለደስ፣ ጎጃም ግሽ ዓባይ፣ ወሎ ላሊበላ። ከቀበሌ ኪነት እስከ ክፍለ ሀገር፣ ከክፍለ ሀገር እስከ አዲስ አበባ የሚያደርስ መሰላል ተዘረጋ። ለስሜንና ለወገራ ወጣት ይህ መሰላል ትልቅ ነገር ነበር። በአዝማሪ ቤተሰብ ያልተወለደም «አዝማሪ» ተብሎ ሳይነቀፍ ዘፋኝ መሆን ቻለ፤ በአብዮቱ ቋንቋ የኪነት ባለሙያ ተባለ። በ1980 ዓ.ም. ለረሃቡ ዘመን እርዳታ ምስጋና በተዘጋጀው የ«ሕዝብ ለሕዝብ» ጉዞ ከየቡድኑ የተመረጡት አውሮፓና አሜሪካ ታዩ። ዋጋውም ግልጽ ነበር፤ በቀን ውሎ አበል ትጫወታለህ፣ የምትለውም የተጻፈልህን ነው። የቀረጻውን መብት የጠየቀ አልነበረም፤ የሚጠየቅበትም ቦታ የለም።

በዚያው ዘመን ከመንግሥት መዋቅር ውጭ የቆመ አንድ ባንድ ነበር፤ ስሙን ከደባርቅ በላይ ካሉት ገደሎች በቀር በዓለም የትም ከማይገኘው እንስሳ የወሰደው ዋልያስ። የራሳቸውን መሣሪያ ገዝተው ከሒልተን ሆቴል ጋር በባንዳቸው ስም ተዋዋሉ። መሣሪያው የክለቡ ባለቤት ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ ሲያኮርፍ ባንዱ ይፈርስ ነበር፤ የብዙዎች ዕጣ ይኸው ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ከመሐሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሳ ጋር አሜሪካን ዞሩ፤ ገንዘቡን ያወጣው ስደተኛው አምሃ እሸቴ ነው። አድማጩ በአብዛኛው ስደተኛ ኢትዮጵያዊ ነበር። ጉዞው ሲያልቅ ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ የባንዱ አባላት ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ፤ ኃይሉ ዋሽንግተን ላይ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። ዛሬ ዋሽንግተን፣ ዱባይና ስቶክሆልም የሚደረገው የዘመን መለወጫ ኮንሰርት ሁሉ የዚያ ጉዞ ልጅ ነው። ፕሮሞተሩ አዳራሽ ይከራያል፣ ቪዛ ያስጨርሳል፣ ትኬት ይሸጣል፤ ዘፋኙ ቁርጥ ዋጋውን ተቀብሎ ይመለሳል።

የካሴቱ ዘመን ላይ ብዙ አልቆይም፤ ሁላችንም ኖረነዋል። ሙዚቃ ቤቱ ገንዘብ አውጥቶ ስቱዲዮ ይከራያል፣ ለገጣሚና ለዜማ ደራሲ ይከፍላል፣ ለዘፋኙ የአንድ ጊዜ ዋጋ ይሰጥና ካሴቱ የእሱ ይሆናል። ካሴቱ በሚሊዮን ቢሸጥ ለዘፋኙ የሚመጣ ጭማሪ የለም፤ ባይሸጥ ደግሞ ኪሳራው የአሳታሚው ነው። ይህ ፍጹም ግፍ ነበር የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ አደጋውን የሚወስድ ሌላ ሰው አልነበረም። ግፉ ያለው ዘፋኙ ከጎኑ ዋጋ የሚያውቅ ሰው ሳይዝ ከነጋዴ ጋር ብቻውን መቀመጡ ላይ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ለከዋኙ ሕጋዊ መብት ሰጠ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ ደላላና ስለ ንግድ ወኪል ቀድሞ ይናገር ነበር። አሁን የጎደለው ሕጉን ለዘፋኙ አንብቦ የሚያስረዳው ሰው ነው።

አድራሻው ሩቅ የሆነ አንድ ወኪልም አለ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመሐሙድን ሸክላ ሰምቶ እየተከታተለ እ.ኤ.አ. በ1986 «ኧረ መላ መላ» ቤልጂየም ላይ ዳግመኛ እንዲወጣ አደረገ፤ ከዚያ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ረጅም ተከታታይ የአልበም ስብስብ ጀመረ። ጂም ጃርሙሽ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ፊልሙ የሙላቱ አስታጥቄን ዜማ ሲጠቀም ስሙ ከሙዚቃ ሰዎች ወጥቶ በዓለም ዞረ፤ በ2008 ደግሞ መሐሙድ፣ አለማየሁ፣ ጌታቸው መኩሪያና ሙላቱ ለንደንና ግላስተንበሪ ላይ ተጫወቱ። ለእነዚህ ሽማግሌዎች ሁለተኛ ወጣትነት የሰጣቸው ይህ ነው። ከዚህ ሁሉ ግን የጎንደር ደጋ አዝማሪ ድርሻው እጅግ ትንሽ ነው። ዓለም የፈለገው የአዲስ አበባን የሌሊት ክለብ ነበር እንጂ የዳባትን ጠጅ ቤት አይደለም። አዝማሪውን ለውጭ ሰው ያቀረበው ሌላ መስመር ነው፤ መላኩ በላይ ካዛንቺስ ላይ ያሠራው ፈንዲቃ ከጠጅ ቤትነት ተነስቶ የዓለም ሙዚቀኞች መገናኛ ሆኖ ነበር።

ዛሬስ? ሙያተኞች ራሳቸው ባለቤት የሆኑበት ሙከራ «አውታር» ነው፤ ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ በ2011 ዓ.ም. በስልክ የሚሠራ የዘፈን ገበያ ከፈቱ። ኤልያስ በ2012 መጀመሪያ ሲያርፍ ሐሳቡ ገና ሥር አልሰደደም ነበር። ከዚያ ሌላው የዘፈን መተግበሪያ «ሰዋስው» መጣ። ከሁሉ በላይ ግን ዩቲዩብ ቻናሎች የካሴት ቤቱን ወንበር ወርሰዋል፤ ክሊፑን የሚያሠራው፣ የሚጭነውና የማስታወቂያ ገቢውን የሚቆጣጠረው ቻናሉ ነው። «ማናጀር» የሚለው ቃል በየቃለ መጠይቁ ይሰማል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ማናጀሩ የዘፋኙ ወንድም፣ ጓደኛ ወይም ሹፌር ነው። የዳባቱ መሰንቆ መቺ የአጎቱን ልጅ ከሚልክበት አሠራር ብዙም አልራቅንም ማለት ነው።

ደባርቅ ይህን ዳሰሳ ትንሽ የሚያወሳስብ ነገር አላት። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ከተቋቋመና እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ከሆነ ወዲህ ጎብኚ በበዛ ቁጥር ከተማዋ ራሷን የቻለ የአገናኝነት ሥርዓት ፈጥራለች። ጎብኚው ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሲደርስ አስጎብኚ፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት፣ አብሳይ፣ በቅሎና ጫኝ በየማኅበራቸው በኩል ያገኛል። ተራ አለ፤ የቀን ዋጋው ተቆርጦ የታወቀ ነው፤ ሲጣሉም የሚዳኛቸው ማኅበር አለ። ለበቅሎ የተሰራ ይህ ደንብ ለአዝማሪ የለም። ማታ ሎጅ ውስጥ ወይም ደባርቅ ሆቴል ላይ ጎብኚ «ባህላዊ ሙዚቃ» ሲፈልግ አስጎብኚው ወይም አስተናጋጁ ስልክ አንስቶ የሚያውቀውን ይጠራል። ክፍያው ሽልማት ነው፤ ግንባር ላይ የሚለጠፍ ብር። ከመጣ ጥሩ፣ ካልመጣ ያልፋል።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ መከራው ተደራረበ። ኮሮና ጎብኚውን አስቀረ፤ በ2013 የሰሜኑ ጦርነት መጣ። የዳባት ወረዳዋ ጭና በዚያ ዓመት መጨረሻ ላይ በርካታ ሰላማዊ ሰዎቿ ተገደሉባት። ሠርግ ቀረ፣ መንገድ ተዘጋ፣ የማታ ቤት በጊዜ መዝጋት ጀመረ። አስጎብኚ ማኅበሩ ተራውን ይዞ ጎብኚ ሲመለስ ይጠብቃል፤ አዝማሪው የሚጠብቅበት መዝገብ የለውም።

አንዳንድ ሰዎች ለአዝማሪውም እንደ በቅሎ ጫኙ ማኅበርና ተራ ይበጅለት ይላሉ። ተራው አይሠራም ባይ ነኝ። ደጋሽ የሚፈልገው የወደደውን ድምፅ ነው፤ ተራ የደረሰውን አይደለም። ቀብድን በደረሰኝ መቀበል፣ የዝቅተኛ ዋጋ ስምምነት፣ ቪዲዮ ለሚቀርጽ ሰው የተጻፈ ፈቃድ መጠየቅ፣ እነዚህ ግን ይሠራሉ። ድግስ ላይ የተቀረጸ መሰንቆ በማግስቱ የሌላ ሰው ቻናል ላይ ወጥቶ ተመልካች ሲሰበስብለት ያየ አዝማሪ ለሦስተኛው ነገር ማብራሪያ አያስፈልገውም። ክርክሩ ያለው ይህን መዝገብ ማን ይያዘው ላይ ነው። የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ቢይዘው በዓል በመጣ ቁጥር ያለ ክፍያ ኑ ማለቱ አይቀርም፤ ፋሲለደስ ኪነት ያየውን ይደግማል። ሎጁ ቢይዘው የሎጁ ይሆናሉ። ዘመዳሞቹ ራሳቸው ቢይዙት ደግሞ የትኛው ቤተሰብ ይቀድማል የሚለው ይመጣል፤ ያም ቢሆን ከሦስቱ እኔ የምመርጠው እሱን ነው፤ ቢያንስ ሲጣሉ የሚጣሉት ስለ ራሳቸው ገንዘብ ነው።